መታደስ ሁሉ መልካም ነውን?

ባማርኛ ስንነጋገር ቆሽትን የምናነሣው አብዛኛውን ጊዜ በንዴት ቀን ነው። «ቆሽቴ አረረ» ይላል የተበደለ ሰው፤ «ይህ ልጅ ቆሽቴን አሳረረው» ትላለች እናት። ልብ ለፍቅር፣ አንጀት ለርኅራኄ፣ ሐሞት ለድፍረት ተሰጥተው ሲኖሩ፣ ለቆሽት የደረሰው ብስጭት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቆሽቴ አረረ ከሚለው ሰው መካከል ቆሽት በየት በኩል እንደ ተቀመጠ፣ ሥራውም ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ የሚመልስ ጥቂት ነው። እኔም እስከ ጎልማሳነቴ ድረስ ከማይመልሱት አንዱ ነበርሁ። የተማርሁት የእናቴ ታላቅ ወንድም በታመሙበት በ2015 ዓ.ም. ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ የማወጋህ ነገር በመጀመሪያ የሐኪም ጉዳይ ብቻ ሊመስልህ ይችላል። ብትታገሠኝ ግን የሐኪም ብቻ አለመሆኑን ታየዋለህ። እኛ መታደስ የሚለውን ቃል እጅግ እንወደዋለን። ልጆቻችንን ታደሰ፣ አዲሱ፣ አዲስ ዓለም ብለን እንሰይማለን፤ ዘመን ሲለወጥ ቤታችንን በአደይ አበባ እናስጌጣለን፤ ክፉ ልማዱን የተወ ሰው ስናይ «እንደ ገና ተወለደ» እንላለን። እኔም መታደስ ሁሉ መልካም ነው፣ የታደሰም ሰው ያለፈው ነገር ሁሉ ተፋቀለት ብዬ አምን ነበር። ይህን እምነቴን ያናወጠው አንድ የአጎቴ ቃል ነው።

አጎቴ በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩ አናጢ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት ያህል አረቄ አብዝተው ይጠጡ እንደ ነበር በቤተ ሰባችን ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ሆዳቸውን እንደ ጦር ወግቶ ወደ ጀርባ የሚያልፍ ሕመም ጣላቸውና ሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይነሡ ቆዩ። ከዚያ አልጋ በተነሡ ዕለት አረቄውን ተዉት። እኔ የማውቃቸው ከዚህ በኋላ ነው። በሰርግ ቤት ብርሌ ሲቀርብላቸው አፉን በመዳፋቸው ከድነው ወደ ጎረቤታቸው ያሳልፉ ነበር፤ እስከ ዛሬ በዐይኔ ላይ ያለው ይህ የእጃቸው አኳኋን ነው። ሲጋራም ከቶ ቀምሰው አያውቁም። እንዲህ ሆነው ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሩ።

በስድሳ አራት ዓመታቸው የምግብ ፍላጎታቸው ጠፋ። ጀርባቸውን ሲያማቸው «መላጊያ ሲገፋ የኖረ ጀርባ ነው» ብለው ናቁት። ልብሳቸው በላያቸው ላይ እየሰፋ ሄደ። በኋላም የዐይናቸው ነጩ ክፍል ቢጫ ሆነ፤ ሌሊት ሌሊት ገላቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ጎረቤት ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ተጠርቶም መድኃኒት አጠጣቸው። ጎረቤትን አልነቅፍም፤ የዐይን ቢጫ መሆን ብዙ ጊዜ የጉበት ሕመም ምልክት ስለ ሆነ ግምታቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም። አዲስ አበባ አምጥተናቸው በሲቲ ስካን ሲታዩ ግን ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በቆሽታቸው ራስ ላይ ካንሰር በቅሎ የሐሞትን መውረጃ ቧንቧ አፍኖታል፤ ሐሞቱም መሄጃ አጥቶ ወደ ደም ተመልሷል። ወደ ጉበትም ስለ ተዛመተ ቀዶ ሕክምና የማይጠቅም መሆኑን ሐኪሙ ነገረን፤ የታፈነውን ቧንቧ የሚከፍት ትንሽ ቱቦ ብቻ ተደረገላቸው።

ለአጎቴ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ምን አድርጌ ነው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ሳልደብቅ ልንገርህ። በዚያ ሳምንት ስለዚህ በሽታ የተጻፈውን ሁሉ ሳነብ ሰንብቼ ስለ ነበር ማንበቤን ለማሳየት ቸኩዬ ነበር። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ አረቄ በሚጠጡበት ዘመን ሆድዎን ያመመዎት፣ ቆሽትዎ ተቆጥቶ ይሆን እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ትቼው ነበር እኮ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ይህ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። እነሆ ጥያቄዬም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሰው የተወውን ነገር ሰውነቱ ያልተወው እንደ ሆነ፣ መተው ማለት ምንድን ነው?

ይህን ለመመርመር አስቀድሞ የቆሽትን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቆሽት ከጨጓራ በስተ ኋላ ተጋድሞ የሚገኝ፣ ርዝመቱ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ100 ግራም ብዙ የማይበልጥ ዕጢ ነው። አካሉን በብዛት የያዙት አሲናር የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ የምንበላውን ሥጋም፣ ቅባትም፣ እህልም የሚፈጭ ጭማቂ ያመነጫሉ፤ ጭማቂውም የቦይ ሕዋሳት በሠሩት ቦይ አልፎ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ይወርዳል ቢባል የሚያስደንቅ ነው። በመካከላቸውም በባሕር ላይ እንዳሉ ደሴቶች ተበታትነው የተቀመጡ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። እነዚህን በ1869 (የሊቃውንቱን ዓመታት የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በማጉያ መነጽር አይቶ የጻፈ ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ያን ጊዜ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ግን አላወቀም። ኢንሱሊን የሚሠሩት እነርሱ መሆናቸው የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የአሲናር ሕዋስ ሙያ አስፈሪ ሙያ ነው። ሥጋ የሚፈጭ ጭማቂ ይሠራል፤ እርሱ ራሱ ግን ሥጋ ነው። ስለዚህ ጭማቂውን የሚሠራው እንደ ተኛ አድርጎ ነው፤ የሚነቃውም አንጀት ከደረሰ በኋላ ነው። በሐሞት ጠጠር፣ ወይም በመጠጥ ብዛት፣ ወይም በሌላ ምክንያት ገና ዕጢው ውስጥ ሳለ የነቃ እንደ ሆነ ዕጢው ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ሐኪሞች የቆሽት መቆጣት የሚሉት ይህን ነው። አባቶቻችን «ቆሽቴ አረረ» ሲሉ ይህን አውቀው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ቆሽት በእርግጥ የሚያርርበት ቀን አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንቅረብ። አሲናሩም፣ የቦዩ ሕዋስም፣ የደሴቱም ሕዋስ በፅንስ ጊዜ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በፅንሱ ውስጥ ገና ሙያ ያልያዙ መነሻ ሕዋሳት ነበሩ፤ ሦስቱም የተገኙት ከእነዚያ ነው። የአንድ አባት ልጆች ሲያድጉ አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ አንጥረኛ፣ አንዱ ገበሬ እንደሚሆን ሁሉ፣ እነርሱም እያደጉ ሲሄዱ እያንዳንዱ የየራሱን ሙያ ያዘ። የሁሉም መጽሐፍ፣ ማለት ዘረ መላቸው፣ አንድ ነው፤ ነገር ግን አሲናሩ የራሱን ምዕራፍ ገልጦ ሲያነብ የወንድሞቹ ምዕራፍ ይዘጋበታል። የልጅነቱም ምዕራፍ ይዘጋል።

ሊቃውንት ብዙ ዘመን የተከራከሩበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ካደገ በኋላ በቆሽቱ ውስጥ ከፅንስነቱ የተረፉ መነሻ ሕዋሳት ተደብቀው ይገኛሉን? በደምና በአንጀት፣ በቆዳም ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ያረጀውን እየተኩ የሚኖሩ እነርሱ ናቸው። በቆሽት ግን ነገሩ አስቸገረ። በ2004 ዩቫል ዶርና ዳግላስ ሜልተን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ መርምረው፣ ባደገ አይጥ አዲስ የኢንሱሊን ሕዋስ የሚገኘው በአብዛኛው ከነበረው የኢንሱሊን ሕዋስ መባዛት እንጂ ከተደበቀ መነሻ ሕዋስ አለመሆኑን አሳዩ። በ2008 ደግሞ በብሩክሴል ያሉ መርማሪዎች የአይጥን የቆሽት ቦይ ቢያስሩት በፅንስ ጊዜ የነበሩትን የሚመስሉ ሕዋሳት ብቅ አሉ ብለው ጻፉ። ሌሎች ተቃወሟቸው። በዚህ ክርክር ውስጥ ሳለ ግን ማንም አጥብቆ ያልፈለገው ሌላ ነገር እየጎላ መጣ። ይኸውም፣ የተደበቀ ልጅ መፈለግ ሳያስፈልግ፣ ሽማግሌው ራሱ ወደ ልጅነት መመለስ መቻሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆሽት በተቆጣ ጊዜ አሲናሩ ሕዋስ ሥራውን ያቆማል። መልኩ ይለወጣል፤ የቦይ ሕዋስ መስሎ ይታያል፤ ተዘግተው የነበሩትን የልጅነቱን ምዕራፎች እንደ ገና ይገልጣል። በፅንስ ዘመን ይሠሩ የነበሩ ሶክስ9ና ፒዲኤክስ1 የሚባሉ ዘረ መሎች በርትተው ሥራ ይጀምራሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት ሙያውን የካደ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ብልሃት እንጂ ክህደት አይደለም፤ ቤቱን የሚያቃጥለው ያ ጭማቂ ስለ ሆነ፣ ጭማቂውን መሥራት ማቆም ቤቱን ማዳን ነው። ቁጣው ሲበርድ የተለወጡት ሕዋሳት ወደ ቀድሞ ሙያቸው ይመለሳሉ፤ ዕጢውም ይድናል። በ2008 ሜልተንና ባልደረቦቹ ሦስት ዘረ መሎች ብቻ በአይጥ ቆሽት ውስጥ አስገብተው የአሲናር ዓይነት ሕዋሳትን ኢንሱሊን ወደሚሠሩ ሕዋሳት ለውጠዋል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህን ሲሰማ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። የሕዋሱ እንዲህ ልዝብ መሆን፣ ካረጀም በኋላ እንደ ገና መማር መቻሉ፣ መልካም ስጦታ ነው።

የካንሰሩም በር ይኸው ነው።

ኬራስ የሚባል አንድ ዘረ መል አለ። ሥራው ሕዋሱን «ተባዛ» ብሎ ማዘዝና ጊዜው ሲደርስ ዝም ማለት ነው፤ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ልትገምተው ትችላለህ። በዚህ ዘረ መል ውስጥ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ማጥፊያው ይበላሻል፤ ትእዛዙም አይቋረጥም። ከመቶ የቆሽት ካንሰር ከዘጠና በሚበልጠው ውስጥ ይህ ስሕተት ይገኛል። እንግዲህ ከቁጣው የተነሣ ወደ ልጅነቱ የተመለሰ አሲናር ይህ ስሕተት ያለበት እንደ ሆነ፣ ቁጣው ሲበርድ ወደ ሙያው አይመለስም። ሙያ የሌለው፣ መብዛት ብቻ የሚያውቅ ሆኖ ይቀራል።

በ2007 በማድሪድ ከተማ ማርያኖ ባርባሲድና ባልደረቦቹ ያሳዩት ነገር እኔን ከሁሉ ይልቅ አስደንቆኛል። ባደጉ አይጦች የአሲናር ሕዋሳት ውስጥ ይህን የተሳሳተ ኬራስ ቢቀሰቅሱት ካንሰር አልበቀለም። ስሕተቱ እያለ አይጦቹ በደኅና ኖሩ። ቆሽታቸው በመድኃኒት በተደጋጋሚ እንዲቆጣ በተደረጉት ዘንድ ግን ካንሰሩ መጣ። ስሕተቱ ብቻውን አልበቃም፤ ቁስሉና ስሕተቱ መገናኘት ነበረባቸው።

በ2021 ደግሞ በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ በኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማእከል ካሉ መርማሪዎች ወገን የታተመ አንድ ጥናት አለ። የአይጦቹን ቆሽት አንድ ጊዜ ብቻ አስቆጥተው እስኪድን ድረስ ተዉት። ዳነ፤ በማጉያ መነጽር ቢያዩትም ደኅና ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሳሳተው ኬራስ ሲቀሰቀስ ግን፣ ቀድሞ ተቆጥቶ በነበረው ቆሽት ካንሰሩ ምንም ካልነካው ቆሽት ይልቅ ፈጥኖ በቀለ። ሕዋሳቱ የዳኑ ቢሆኑም ያ ቀን ትዝ ይላቸው ነበር። ትዝታውም የተጻፈው በፊደሎቹ ላይ ሳይሆን፣ ተዘግቶ የነበረው የልጅነት ምዕራፍ ሁለተኛ እንዳይጠፋበት ምልክት እንዳደረገበት አንባቢ፣ ምዕራፉ በቀላሉ የሚገለጥ ሆኖ በመቅረቱ ላይ ነው። ይህ ትዝታ ለክፋት የተቀመጠ አይደለም። ቆሽቱ ሁለተኛ ቢቆጣ ሕዋሳቱ ቀድሞ ስለሚያውቁት ፈጥነው ጭማቂውን ያቆማሉ፤ ጉዳቱም ከመጀመሪያው ያነሰ ይሆናል። ለጥበቃ የተቀመጠ ዘበኛ ነው።

ይህን ያነበብሁት በአንድ ሌሊት ነው። አንብቤ ስጨርስ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ በጨለማ ተቀመጥሁ። የአጎቴ ታሪክ ተጽፎ ያገኘሁት መሰለኝ። ያ የሦስት ሳምንት ሕመም፣ ያ መዳን፣ ያ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ ያ ብርሌ የሚከድን መዳፍ። ሰውዬው ትተውት ነበር፤ ሥጋቸው ግን አስታውሷል ማለት ነውን?

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ሌላ ነገር ልንገርህ፤ የሚያስቅ ነገር ነው። ከዚህ ሌሊት በፊት በሰፈራችን ወጣቶች ተሰብስበው ንግግር አድርግልን ብለውኝ ስለ አሲናር ሕዋስ ነግሬያቸው ነበር። «ሙያውን ጥሎ ወደ ልጅነት የተመለሰ ሕዋስ ቤቱን ያፈርሳል፤ እናንተም ሙያችሁን ያዙ» አልኋቸው። አጨበጨቡልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ንግግሬ ግን በሁለት ወገን የተበላሸ ነበር። አንደኛ ነገር፣ ሕዋሱ ሙያውን ማቆሙ ያን ጊዜ ትክክለኛው ሥራ ነበር፤ የተቃጠለ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሸማ የሚሠራ ሸማኔ ቢኖር ትጉህ አንለውም። ሁለተኛ፣ ሕዋስ ፈቃድ የለውም። ሙያዬን ልተው ብሎ አይመክርም፤ ባይመለስም አያፍርም። ከሕዋስ ትምህርት የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በልቡ የያዘውን ነው የሚቀዳው። ለውጥ የሚጠላ ሰው ከዚያው ሕዋስ ለውጥ መርዝ ነው የሚል ስብከት ያወጣል፤ ለውጥ የሚወድም ሰው እነሆ ሽማግሌው እንኳ ተማረ ብሎ ሌላ ስብከት ያወጣል። ሁለቱም ያጨበጭቡላቸዋል።

ስለዚህ ከሕዋሱ ስብከት ማውጣቱን ትቼ ወደ አጎቴ ጥያቄ ተመለስሁ። «ምን አድርጌ ነው?»

እውነቱን ለመናገር መልሱን የሚያውቅ የለም። ያ የወጣትነት ሕመም የቆሽት መቆጣት ይሁን፣ የሐሞት ጠጠር ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ያን ጊዜ የመረመራቸው ሐኪም ስላልነበረ ዛሬ የሚያስረዳ የለም። በ2010 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ መርማሪዎች በሞቱ ሰዎች ካንሰር ውስጥ ያሉትን የፊደል ስሕተቶች ቆጥረው፣ ከመጀመሪያው ስሕተት እስከ ካንሰሩ መወለድ ከዐሥር ዓመት በላይ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ብልት ለመዛመት የሚበቃ እስኪሆን ሌላ አምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እንደሚወስድ ገምተዋል። በዚህ ስሌት ብንሄድ የአጎቴ ነገር የተጀመረው ምናልባት በአርባዎቹ ውስጥ ሳሉ፣ አረቄ ከተዉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ ሰኞ ጧት ለሰው በር ሲያስተካክሉ፣ መላጊያውን ሲገፉ፣ በሆዳቸው ውስጥ አንዲት ሕዋስ ስትባዛ አንዲት ፊደል ሳተች። ማንም አልሰማም።

በ2017 ክርስቲያን ቶማሴቲና በርት ፎገልስታይን ባወጡት ስሌት፣ በቆሽት ካንሰር ከሚገኙት የፊደል ስሕተቶች አራት እጅ ቢደረጉ ሦስቱ እጅ ያህል የሚመጡት ሕዋስ ሲባዛ ከሚደርስ ተራ የመቅዳት ስሕተት ነው። ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ምንም ቢጠነቀቅ ፊደል እንደሚዘል ማለት ነው። ሌሎች ሊቃውንት ስሌቱን ተከራክረውበታል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። አጎቴ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ካረፉ በኋላ፣ በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አነበብሁ። ካንሰር ካልያዘው የቆሽት ክፍል ተቆርጦ ሲመረመር፣ ካንሰር ሊሆኑ የሚችሉ ጥቃቅን ለውጦች በአንዲት ኩብ ሴንቲ ሜትር ውስጥ በአማካይ ከዐሥር በላይ ተገኝተዋል። ከእነዚህ እጅግ የሚበዙት ካንሰር ሳይሆኑ ይቀራሉ። ዕድሜህ ከገፋ አንተም ይኖሩሃል፤ እኔም ዛሬ ሳይኖሩኝ አይቀሩም። በአጎቴና በሌላው ሽማግሌ መካከል ያለው ልዩነት የኃጢአትና የጽድቅ ልዩነት እንዳልሆነ ይህ ብቻ ያስረዳል።

ይህን ሁሉ ሳጽፍ ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል። አንተ የሃያ ዓመት ወጣት ነህ፤ «እንግዲያማ ሁሉም ዕድል ከሆነ የፈለግሁትን ላጭስ፣ የፈለግሁትን ልጠጣ» ብትለኝስ? እንዲህ ብትል ያነበብኸውን አላስተዋልህም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዚህ ካንሰር የመያዙ ነገር ከማያጨሰው እጥፍ ያህል ነው። ለብዙ ዓመት አብዝቶ መጠጣት ቆሽትን እያስቆጣ ያቆስላል፤ የማይድን ቁጣ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ የማድሪድን አይጦች አይተሃል። ለአንተ ይህ እውነት ዛሬ ይጠቅምሃል። ለአጎቴ ግን በዚያ አልጋ ላይ የሚጠቅማቸው አንድም ነገር አልነበረውም። አንድ ቃል፣ ያውም እውነት ሊሆን የሚችል ቃል፣ በሃያ ዓመት ወጣት ፊት ምክር ሲሆን፣ በስድሳ አራት ዓመት ሕመምተኛ ፊት ድንጋይ መወርወር ይሆናል።

ነርስ የሆነች አንዲት ወዳጄ ይህን ስነግራት ተቆጣች። «እንግዲያ ሐኪም ሕመምተኛን ስለ መጠጥ አይጠይቅ ማለትህ ነው?» አለችኝ። እንዲህ ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን የሚያደርገውን ለመወሰን ነው፤ መልሱንም በወረቀቱ ላይ ጽፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ የጠየቅሁት ምን ላደርግበት ነበር? ምንም። ማንበቤ እንዲታወቅልኝ ነበር፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ለማመን ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ምክንያት ባገኝ እኔ ከዚያ ምክንያት ውጭ ስለሆንሁ እድናለሁ ብዬ ነው። ከለቅሶ ቤት በራፍ ላይ «ምን ነበር ያመማቸው? ያጨሱ ነበር እንዴ?» የሚል ሰው ስታይ፣ ሰውዬው ለሟቹ የተጨነቀ እንዳይመስልህ። የራሱን ቆሽት እየዳሰሰ ነው።

የአጎቴስ መተው ከንቱ ነበርን? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። እኔ በተሳሳትሁበት ቦታ ላይ ቆሜ ሳስብ፣ መተዋቸውን ከሥጋቸው ጋር የተደረገ ውል አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ እርሳቸው አረቄውን ሊሰጡ፣ ሥጋቸውም በምላሹ ጤና ሊሰጣቸው። ሥጋ ግን እንዲህ ያለ ውል ፈርሞ አያውቅም። ሥጋ ምልክት ይይዛል፤ ምልክት ግን ዕዳ አይደለም፤ ሥጋም ዳኛ አይደለም። በግንባሩ ላይ የልጅነት ጠባሳ ያለበትን ሰው ገና አልዳንህም አንለውም። አጎቴ አረቄውን በተዉ በማግስቱ ልጆቻቸው በልተው አደሩ። ባለቤታቸው የበሩን ድምፅ ሲሰሙ መደንገጥ የተዉት በዚያ ዓመት ነው። እኔ መጋዝ መያዝ የተማርሁት ከማይንቀጠቀጥ እጅ ነው። ሥጋቸው ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ የፈለገውን ቢያስታውስ፣ እነዚህ ቀኖች ወደ ኋላ ተመልሰው ያልነበሩ አይሆኑም።

ይህን ለእርሳቸው እንዲህ አሳምሬ አልነገርኋቸውም። በመጨረሻው ወር ደብረ ብርሃን ሄጄ ስጠይቃቸው እጅግ ከስተው ነበር፤ ቱቦው ስለ ረዳቸው ግን ዐይናቸው ነጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ የጠየቅሁዎት ጥያቄ የእኔ ጥያቄ አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ዝም አሉ። ቆየት ብለው «ያን ያነበብኸውን ንገረኝ እስቲ» አሉኝ። ስለ ሕዋሳቱ፣ ወደ ልጅነት ስለ መመለሳቸው፣ በሂዩስተን ቆሽታቸው ከዳነ በኋላ ስለ ታመሙት አይጦች ነገርኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ የተኙ መስሎኝ ነበር።

«አይጦቹስ» አሉ፤ «አይጦቹስ ምን አድርገው ነው?»

«ምንም፣ ጋሼ። ሰው መርፌ ወግቷቸው ነው።»

«ምንም» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሱና፣ ትራሱን ከፍ እንዳደርግላቸው በእጃቸው አመለከቱኝ።